ትንፍሽ ያላልኩት ቃል



በዚህ እትም ስለ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ልጽፍላችሁ ነው። «የእንግሊዝኛ ቃል በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ምን ይሠራል?» ትሉኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ከእነዚህ ቃላት አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ነገር አውጥቶብኛል፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግሞ እናንተን የማስተምርበት አፍ አይኖረኝም።

የምኖረው መቀሌ፣ ቃላሚኖ ነው። ስሙን ስትሰሙ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የሚታወሳችሁ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። እኔ ግን የማስተምረው በቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ እሑድ ጠዋት መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ በኮቪድ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ የራቁ ናቸው። ዕድሜያቸው ሄዶ ክፍላቸው የቆመባቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሲማሩ ይቸኩላሉ፤ ሲጠይቁም አይለቁም።

በግንቦት 2016 አንድ ቅዳሜ፣ ብሔራዊ ፈተናው እየተቃረበ ሳለ፣ አንድ ጨዋታ አመጣሁላቸው። «መጨረሻቸው ላይ ፒ፣ አይ፣ አር፣ ኢ የሚሉ አራት ፊደላት ያሏቸውን ቃላት ጥሩልኝ» አልኳቸው። ከኋላ ወንበር «ቫምፓየር!» የሚል ድምፅ መጣና ሳቅ ሆነ። ከዚያ «ኤምፓየር»፣ «ኢንስፓየር»፣ «ኤክስፓየር»፣ «አስፓየር» እያሉ ሰሌዳውን ሞሉት። አንዱ ስለ ቴኒስ ያነበበ ልጅ «አምፓየር» ብሎ የዳኛውን ስም ጨመረ። ከባዮሎጂ ትምህርታቸው ደግሞ «ሬስፓየር» እና «ትራንስፓየር» መጡ።

«አሁን ዘመዶቹን ለዩልኝ» አልኩ። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። ፊደላቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ቃላት አይዛመዱም። ኤምፓየር የመጣው ትእዛዝንና ሥልጣንን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። አምፓየር በድሮ ፈረንሳይኛ «እኩያ ያልሆነ» ከማለት የመጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ሦስተኛው ሰው ማለት ነው። ቫምፓየር ደግሞ ከስላቭ ቋንቋዎች የመጣ እንግዳ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ላይ ሽቅብ የሚሾለው ጫፍ በእንግሊዝኛ «ስፓየር» ይባላል፤ እርሱ እንኳ መንፈሳዊ ቢመስልም ዘሩ ከበቀለ ዘንግና ከሣር አገዳ ነው እንጂ ከምናወራው ቤተሰብ አይደለም።

የቀሩት ግን እውነተኛ ወንድማማቾች ናቸው። ሁሉም «ስፒራሬ» ከሚለው የላቲን ቃል የተወለዱ ናቸው፤ ትርጉሙም መተንፈስ ነው። ኢንስፓየር ወደ ውስጥ መተንፈስ፣ እፍ ብሎ ማስገባት ነው። ሬስፓየር ደግሞ ደጋግሞ መተንፈስ ነው። አስፓየር ወደ አንድ ነገር መተንፈስ፣ ማለትም መመኘት፣ መጓጓት ነው። ፐርስፓየር በቆዳ በኩል መተንፈስ ነው፤ እኛ ማላብ የምንለው። ትራንስፓየር አሻግሮ መተንፈስ ነው፤ ዕፅዋት ውኃቸውን በቅጠላቸው ሲያተንኑ እንዲህ ይባላል፤ የተደበቀ ነገር ሾልኮ ሲወጣም እንዲሁ። ኮንስፓየር አብሮ መተንፈስ ነው፤ ሰዎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲንሾካሾኩ ማየት በቂ ነው፤ ሴራ ማለት ነው። ኤክስፓየር ወደ ውጭ መተንፈስ ነው። «መምህር፣ ኤክስፓየር ውስጥ እኮ ኤስ የለችም» ያለኝ ልጅ ነበር። ልክ ነው፤ ከፊቷ ያለችው ኤክስ በድምፅዋ ስለዋጠቻት ነው እንጂ በላቲኑ ነበረች።

ልጆቹ ሲደነቁ፣ «ይህ የእንግሊዝ ሀብት ብቻ መሰላችሁ?» አልኳቸውና የሰሌዳውን ግማሽ ደመሰስኩ። በዚያ ላይ ሦስት ፊደላት ጻፍኩ፦ ነ፣ ፈ፣ ሰ። «ከእነዚህ የሚወለዱትን ጥሩልኝ።» ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ተነፈሰ፣ ትንፋሽ፣ እስትንፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ። ወሬ ሲሰራጭ «ተናፈሰ» እንላለን። የመኪና ጎማ አየሩ ሲወጣ «ተነፈሰ» እንላለን። የደከመ ሰው ሲያገግም «ነፍስ ዘራ» ይባላል። በትግርኛም ንፋስ፣ ነፍሲ፣ መንፈስ እንላለን። በዕብራይስጥም ነፍስ «ኔፌሽ» ናት፤ እነዚያው ሦስት ድምፆች ናቸው ማለት ነው። እዚህም ታዲያ ቫምፓየር አለ፤ «ነፋ» የሚለው ቃል ዘመድ ይመስላል፤ በግእዝና በትግርኛ ግን «ነፍሐ» ነው፤ መጨረሻው ሐ እንጂ ሰ አይደለም።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ከኒቆዲሞስ ጋር በሌሊት ሲነጋገር፣ ነፋስን ምሳሌ አድርጎ ስለ መንፈስ ይናገራል። በግሪኩ ለሁለቱም ያለው ቃል አንድ ነው፣ «ፕኔቭማ»። እንግሊዞች ሲተረጉሙት ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቃላት መጠቀም ስላለባቸው ዝምድናው በጆሮ አይሰማም። በእኛ ግን ነፋስና መንፈስ ከአንድ ሥር ስለበቀሉ እናቶቻችን ሳይማሩ ይሰሙታል። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የተነገረውም የግሪክ ቃል «እግዚአብሔር የተነፈሰበት» እንደ ማለት ነው። የቀድሞው የአማርኛ ትርጉም «መንፈስ» ሲለው አዲሱ መደበኛ ትርጉም «እስትንፋስ» ይለዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጥተዋልና አልተጣሉም።

እዚህ ላይ ክፍሉ ደምቆ ነበር። ያኔ ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ኤክስፓየር አደረገ ማለት ለሰው ሲሆን ሞተ ነው አይደል? ለመድኃኒት ሲሆን ደግሞ ጊዜው አለፈ። በትንፋሹ ምን አገናኛቸው?»

ጥያቄው ቀላል ነው። ሰው የመጨረሻ ትንፋሹን ሲያወጣ ኤክስፓየር አደረገ ይባላል፤ ውል፣ ፈቃድ፣ መድኃኒትም ጊዜው ሲያልቅ በዚያው ምሳሌ ይጠራል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ይቻል ነበር። እኔ ግን ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። በዓይኔ የመጣብኝ አንድ ሰማያዊ ፕላስቲክና በላዩ የታተመ ቁጥር ነበር። «ለሚቀጥለው ሳምንት አስቡበት» ብዬ ክፍሉን በጸሎት ዘጋሁ። የዚያን ቀን ያልመለስኩትን አሁን ለእናንተ ልመልስ።

ጥር 2014 ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባንክ ተዘግቷል፣ ስልክ ተቋርጧል፣ ነዳጅ የለም፤ መድኃኒት ቤቶች በራቸው ክፍት ቢሆንም መደርደሪያቸው ባዶ ነው። እናቴ አስም አለባት። ብርዱ ሲጠና ሌሊት ተቀምጣ ታነጋለች፤ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ከተማውን በእግሬ ዞሬ ዞሬ በመጨረሻ አንድ የማውቀው ሰው ከቤቱ መሳቢያ ሁለት ፓፍ አወጣልኝ፤ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ማለቴ ነው። ገንዘብም አልተቀበለኝም። ወደ ቤት ስሮጥ በመንገድ ላይ አገላብጬ አየሁት። 06/2021 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2013 መሆኑ ነው። ጊዜው ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል።

እናቴ ፊደል ብዙ አልተማረችም፤ ቁጥር ግን ታነባለች። ፓፉን ተቀበለችኝና ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። ከዚያ ፊቷ በራ። «ወደይ፣ 2021 ይላል እኮ። ገና ሰባት ዓመት አለው ማለት ነው?»

ተመልከቱ፣ ውሸቱን እኔ አልፈጠርኩትም። የፈረንጆቹ አቆጣጠር ከእኛ በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሚቀድም እናቴ ራሷ ተሳስታ ስሌቱን አዘጋጅታ ሰጠችኝ። ከእኔ የተፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ትንፋሿን አየሁ፣ የበራ ፊቷን አየሁ፣ «አዎ፣ አደይ» አልኳት።

ያኔ ለራሴ የሰጠሁትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ እናንተም አንድ ቀን ትሰጡት ይሆናልና። «ሌላ መድኃኒት የለም፤ እውነቱን ብነግራት ከመጨነቅ በቀር ምን ትጠቀማለች? ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ሁሉ መርዝ አይሆንም፤ ኃይሉ ይቀንስ ይሆናል እንጂ።» ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። እናቴም ያንን ፓፍ ስትጠቀም ቀለል አላት። እኔም «ጌታ ይመስገን» ብዬ ዝም አልኩ። ስለ ቀኑ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ፓፎቹ ሁለት ነበሩ፤ እናቴም እናቴ ናት።

ጎረቤታችን እንደ እናቴ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። ባልና ልጅ አጠገባቸው የለም። እናቴ ሁለተኛውን ፓፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወስዳ ሰጠቻቸው። «አይዞሽ፣ ገና ሰባት ዓመት አለው፤ ልጄ አንብቦልኛል» አለቻቸው። ይህን ያወቅኩት የካቲት ውስጥ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በራችን ሲንኳኳ። ሴትዮዋ መተንፈስ አቅቷቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ታክሲ የለም፣ አምቡላንስ የለም። የሰፈር ልጆች የፈረስ ጋሪ አምጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወሰድናቸው። ጋሪው በኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ጭንቅላታቸውን በጉልበቴ ላይ ይዤ፣ በእጃቸው የጨበጡትን ሰማያዊ ፓፍ አየሁት። አላስለቀቅኳቸውም። አራት ቀን ተኝተው በጌታ ቸርነት ተመለሱ።

የዚያ ሌሊት ሕመም ከመድኃኒቱ መድከም ይሁን ከብርዱ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁምና አልፈርድም። እኔ ግን አልተነፈስኩም። ጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፤ ቀስ በቀስ ስልኩ ተከፈተ፣ ባንኩ ተከፈተ፣ መድኃኒት ገባ። ሁሉም ነገር ሲከፈት የእኔ አፍ እንደተዘጋ ቀረ። በመድረክ ላይ ስለ እውነት አስተማርኩ። ሰዎችም «ተባረክንበት» አሉኝ።

እንግዲህ ያ የግንቦት ቅዳሜ ምሽት ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ፣ የክፍሉ ጨዋታ ከራሴ አልወጣም ነበርና «እስትንፋስ» የሚለው ቃል ያለበትን ስፈላልግ ኢዮብ 27 ላይ ደረስኩ። በቁጥር 3 እና 4 ኢዮብ የሚለው ነገር፣ በእኔ አነጋገር፣ ይህ ነው፦ የእግዚአብሔር መንፈስ በአፍንጫዬ ውስጥ እስካለ፣ እስትንፋስም እስካልተለየኝ ድረስ ከንፈሬ ሐሰት አይናገርም ይላል። ኢዮብ ይህን ያለው ልጆቹን ቀብሮ፣ አካሉ ቆስሎ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ ነው። «ሁኔታው ከባድ ነበር» የሚል ምክንያት ከእርሱ ይልቅ ማን ነበረው? ትንፋሹን የሰጠው እግዚአብሔር ከሆነ፣ በዚያ ትንፋሽ የሚወጣው ቃልም የእርሱ ነው ማለቱ ነው። በዘፍጥረት 2፥7 አፈር የነበረው ሰው ሕያው የሆነው በእፍታ ነው። በዮሐንስ 20፥22 በፍርሃት በር ዘግተው የተቀመጡትን ደቀ መዛሙርት ጌታ ያጸናቸው እፍ ብሎባቸው ነው። እኔ ያንን ትንፋሽ «አዎ» ብዬ አጠፋሁት።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ሰምታ ሰምታ መቁያውን ከእሳቱ አወረደችው።

«ፓፉ ለእኔ መሆኑ አይደለም» አለች ቆይታ። «እኔማ ከአንተ እጅ ውኃም ቢሆን እድናለሁ። ግን ወደይ፣ በእኔ አፍ ለጎረቤቴ ውሸት አስነገርከኝ። እኔ በዕድሜዬ በሰው መድኃኒት አልቀለድኩም።»

ኮንስፓየር የሚለው ቃል ያኔ ነው የገባኝ። አብሮ መተንፈስ። እናቴን ሳላስፈቅድ በእርሷ ትንፋሽ የእኔን ውሸት አስወጣሁ።

ወደ ጎረቤታችን ለመሄድ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው አጎንብሼ ገባሁ፤ ቁጥሩን፣ ወሩን፣ «አዎ» ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። «አደይ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ በምስክርነታችን ላይ እዚህ ቦታ ስንደርስ «ወዲያው አቅፈው ሳሙኝ» እንላለን። እርሳቸው አላቀፉኝም። ለረጅም ጊዜ ወለሉን ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «ያን ሌሊት እኮ ገና ሲመሽ ነው የጀመረኝ። ሁለቴ ሳብኩትና ይበቃኛል ብዬ ተኛሁ። ያረጀ መሆኑን ባውቅ ያኔውኑ ሰው እጠራ ነበር።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እንድትይዙት እፈልጋለሁ፤ የጻፍኩትም ስለ እርሱ ነው። እኔ ለሁለት ዓመት «ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ውሸቱ ምንም አላጠፋም» እያልኩ ራሴን አጽናንቼ ነበር። አማራጭ ግን ነበራቸው። በጊዜ ሰው መጥራት ይችሉ ነበር። እውነቱ መድኃኒት ባይሆናቸውም ጥቂት ሰዓታት ይሰጣቸው ነበር፤ የወሰድኩባቸው እነዚያን ሰዓታት ነው። ለሰው አዝነን የምንዋሸው ውሸት ሁሉ እንዲህ ነው። ጭንቀቱን ስናስቀርለት መወሰኑንም አብረን እናስቀርበታለን። ከዚያም በላይ፣ የሚነገረው ለአንድ ሰው ይሁን እንጂ እርሱ በቅንነት ለሌላው ያቀብለዋል።

ከዚያ ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። «አልቋል፤ ሂድ ሊሉኝ ነው» ብዬ ቆምኩ። አንድ ጥቁር ፌስታል ይዘው ወጡና እፊቴ ላይ አስቀመጡት። የደም ግፊት ክኒን፣ የዓይን ጠብታ፣ ቅባት፣ ሦስት ፓፍ።

«በል ተቀመጥ» አሉኝ። «አሁን በትክክል አንብብልኝ።»

አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ በትልቁ ጻፍኩ። ሁለቱ ጊዜያቸው አልፎ ነበር። «እነዚህ አልፈዋል፣ አደይ» አልኳቸው፤ ለብቻ አስቀመጧቸው። አንዱን ፓፍ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ሳነብ ቁጥሩን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር የሚያዩት። ሲጨርሱ ሻይ አፈሉልኝ።

የልጅቱን ጥያቄም በሚቀጥለው ቅዳሜ መለስኩላት፤ የቃሉንም፣ የራሴንም። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ያቺው ልጅ «መምህር፣ የእኔም እናት ቤት መድኃኒት አለ፤ ዛሬ ሄጄ አያለሁ» አለች። በዚያ ሳምንት አሥራ ሁለት ተማሪዎች የየቤታቸውን መድኃኒት ቀን በእኛ አቆጣጠር ጽፈው፣ ያለፈበትን ለባለሙያ አሳይተው መጡ።

እናንተም እንግሊዝኛ ታነባላችሁ፤ እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ ግን በእናንተ ዓይን ያነባሉ። የሐኪሙን ወረቀት፣ የባንኩን ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን «ምን ይላል?» ብለው ሲሰጧችሁ ትንፋሻቸውን በእጃችሁ ማስቀመጣቸው ነው። ዛሬ ማታ እስክሪብቶ ይዛችሁ ከመሳቢያው ጀምሩ። ያነበባችሁት ደስ የማይል ከሆነ አጠገባቸው ተቀመጡና የሚለውን ንገሯቸው፤ ከነገራችኋቸው በኋላም ቶሎ አትነሡ።

ጸጋው ይብዛላችሁ።